ያልደረቀ ቀለም

እስከ ሰባት ዓመቴ ፀጉሬን መቀስ አልነካውም። እናቴ ሁለት ቦታ ጎንጉና ወደ ኋላ ትለቅልኝ ነበር። ሙዝ ሊገዙ የሚመጡ ነጋዴዎች አባቴን፣ «ይቺ ልጅህ ጠንካራ ትመስላለች፤ ለልጄ ትሁነኝ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አባቴም አብሯቸው ይስቅ ነበር።

በእኛ አገር የልጅ የመጀመሪያ ፀጉር እንዲሁ አይቆረጥም። የፀጉር አባት ይመረጣል። እሱ የመጀመሪያዋን ዘለላ ቆርጦ በሰው ፊት ስጦታውን ይናገራል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ከልጁ ወላጆች ጋር አበልጅ ይሆናል። አበልጅ አበልጁን እምቢ አይልም፤ ነውር ነው። የእኩዮቼ ፀጉር በሦስትና በአራት ዓመታቸው ተቆርጦ አልቋል። የእኔ ለምን እንደቆየ አባቴን ጠየቅሁት።

«ላንተ የሚመጥን ሰው ስላልተገኘ ነው፣ ሴቬሮ» አለኝ።

አመንኩት። እንዲያውም ኮራሁበት።

ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖኛል። አባቴ ፀጉሬን ያቆየው ሌላው ሰው አሳማ እንደሚያቆየው ነበር፤ ለክፉ ቀን።

ሳያኒ ከላ ፓዝ ቁልቁል ሲወረድ፣ ብርዱ አልቆ ሙዝ የሚጀምርበት ገደል ላይ የተንጠለጠሉ አሥራ ሁለት ቤቶች ናት። ከሥሯ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ የመኪና መንገድ። በመካከሉ ድልድይ ነበር፦ ሁለት ወፋፍራም የሽቦ ገመዶች፣ ከእነሱ የተንጠለጠለ ጣውላ። ያሠራው የዱሮው ባለርስት ነው። መሬቱ ለገበሬ ሲከፋፈል ሰውየው የቤት ዕቃውን ጭኖ ሄደ፤ ድልድዩን መጫን ስላልቻለ ለእኛ ተወው። አባቶቻችን ስለወረሱት ብቻ የሠሩት መሰላቸው። አንድ ቀን አንዲት ጠብታ ቅባት ያስነካው ሰው አላየሁም። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ገመዱ በገባበት የድንጋይ ግንብ ላይ አረቄ ያፈሳሉ፣ የኮካ ቅጠል ይበትናሉ፣ ቀሪውን አረቄ ራሳቸው ይጠጡና እየተደጋገፉ ወደ ቤት ይገባሉ። ድልድዩ ተጠበቀ ማለት ይህ ነበር።

ድልድዩን የማታምነው አክስቴ ሳቱርኒና ብቻ ነበረች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ባል አልነበራትም፤ ሁለት በቅሎዎች ነበሯት። የአሥራ ሁለቱ ቤት ሙዝ በእነዚያ በቅሎዎች ነበር ገበያ የሚወርደው። እሷ ግን የተጫነ በቅሎ በድልድዩ ላይ አታሳልፍም። ወንዙ በእግር በሚሻገርበት በታችኛው መልካ ዞራ ትሄዳለች። ሙዙ ይቀጠቀጣል፣ ግማሽ ቀን ይባክናል፣ ሰው ያጉረመርማል። አባቴ ፈሪ ይላት ነበር፣ ፊት ለፊቷ።

አንዳንዴ ሌላ ሰው ድልድዩን ሲሻገር ቆማ መዳፏን ገመዱ ላይ ታሳርፋለች። ዓይኗን ጨፍና ትቆያለች። ከዚያ ራሷን ትነቀንቃለች። «እዚያ ማዶ ይንቀጠቀጣል» ትላለች፤ «እዚህ ሲደርስ ዝም ይላል። ምን ሆኖ ነው ዝም የሚለው?» ልጆች ከኋላዋ ሆነን መዳፋችንን ዛፍ ላይ እያሳረፍን፣ ዓይናችንን እየጨፈንን እንስቅባት ነበር። እኔ ከሁሉም በላይ እስቅ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ትምህርት የጨረሱ ሰዎች ያንኑ ሥራ በመሣሪያ ሲሠሩ አየሁ። ማንም አልሳቀባቸውም።

በኅዳር ወር፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ አርብ ጠዋት ከመንገድ ቢሮ አንድ ሰው በበቅሎ መጣ። ስሙ ኡርኪዲ ነው። እኛ ኢንጂነር አልነው፤ እሱም አላረመንም። ነጭ ባርኔጣ፣ መዶሻ፣ ትንሽ ቢላዋ፣ አንድ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም ይዟል። በወረዳው ያሉ ትንንሽ ድልድዮችን እያየ የትኛው ጭነት እንደሚችል፣ የትኛው እንደማይችል ለመለየት ተልኮ ነው። ገመዱን በመዶሻው እየመታ ጆሮውን ያስጠጋል፤ ዝገቱን በቢላዋ ይፍቃል፤ ተበጥሰው የወጡትን ቀጫጭን ሽቦዎች በጣቱ ይቆጥራል። ከሥር ከሥሩ ተከተልኩት። ቻራንጎ የሚባለውን ትንሽ ጊታር ከመጫወቱ በፊት ክሮቹን እንደሚያጠብቅ ሰው መሰለኝ፤ ሲጨርስ ድልድዩ ዜማ የሚያወጣ ይመስል ጠበቅሁ።

አክስቴ በቅሎዎቿን ጭና ወደ መልካው ስትወርድ አየችውና ቆመች።

«ጌታዬ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አለችው። «የሚጽፉትን ወረቀት ለእኔ ማን ያነብልኛል?»

«ወረቀቱ ላንቺ አይደለም» አላት። ቆርቆሮውን አንስቶ አሳያት። «ላንቺ ይኸውልሽ። ቀይ የቀባሁበት ቦታ ገመዱ ሞቷል ማለት ነው። ቀይ ካየሽ ጭነት እንዳታሳልፊ። ቀይ ከሌለ እለፊ።»

አክስቴ ቆርቆሮውን ብዙ ጊዜ አየችው። በሕይወቷ ሙሉ ስትጠይቀው የኖረችውን የሚመልስላት ሰው ያገኘችው ያን ቀን ነው።

«ይህን ማንበብ እችላለሁ» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «ሰምተሃል፣ አንተ ጠጉራም? ቀይ።»

ሙዙን ሸጣ፣ ለመንደሩ ጨውና ስኳር ይዛ በሳምንቱ እንደምትመለስ ተናግራ ወረደች። ኡርኪዲ ቀለሙን ሲቀባ አላየችም።

ከሰዓት በኋላ ነው የቀባው። በእኛ በኩል፣ ሁለቱም ገመዶች ግንቡ ውስጥ በሚገቡበት ቦታ፣ ስፋቱ አንድ መዳፍ የሚሆን ቀይ ቀለበት አዞረባቸው። የሚያምር ነገር ነበር። የበዓል ጌጥ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ ሳቀ። አባቴ መጣ። በዚያ ዓመት የመንደሩ አለቃ እሱ ነበር። ቀዩን አየና ፊቱ ጠቆረ። ኡርኪዲ ሰው አንድ በአንድ እንዲሻገር፣ ጭነት ግን እንዳያልፍ፣ አዲስ ገመድ ለከርሞ እንደሚጠየቅ ነገረው። አባቴ ዝናቡ በሳምንት ውስጥ እንደሚገባ፣ መልካው እንደሚሞላ፣ አራት ወር ሙሉ ሙዙ ከእነ ግንዱ እንደሚበሰብስ አስረዳው።

«እንግዲህ አራት ወር ሙዝ ብሉ» አለው ኡርኪዲ።

ያን ዕለት ማታ አባቴ ጉንጉኔን በእጁ ይዞ መዘነው፤ ገበያ ላይ እንደሚደረገው።

«ሰውህ ተገኘ» አለኝ።

ደስታዬን ልናገር አልችልም። ከላ ፓዝ በታች ያለውን ድልድይ ሁሉ የሚያዝ ሰው የፀጉር አባቴ ሊሆን ነው። ቅዳሜን በአረቄ አቆዩት፤ እሑድ ድግሱ ሆነ። ሦስት ዶሮ በኦቾሎኒ ወጥ፣ ካሳቫ፣ ቃሪያ። ከባለርስቱ ቤት የቀረ ትልቅ የልብስ ሰፊ መቀስ ነበረን፤ እሱን በሳህን አቀረቡለት። ፀጉሬ በጥብጣብ ተከፋፍሎ ታስሯል። ኡርኪዲ የመጀመሪያዋን ዘለላ ቆርጦ ቀጥ ብሎ ቆመና፣ «ጥጃ» አለ። «ግንባሯ ነጭ የሆነ ሴት ጥጃ። በሳምንት ውስጥ በድልድዩ ትመጣልሃለች።» ሰው አጨበጨበ። በላዩ ላይ የበተኑበት ባለቀለም ወረቀት በላብ አንገቱ ላይ ተለጠፈ። ቀሪውን ፀጉር ሌሎቹ ተራ በተራ ቆረጡት። ጭንቅላቴን ብርድ መታው። ትልቅ ሰው መሆን ማለት ይህ ብርድ ነው ብዬ አሰብኩ።

አክስቴ አለመኖሯ ተወራ። «የወንድሟን ልጅ ፀጉር እንኳ አልጠበቀችም» አሉ። «ምቀኛ ናት፤ ስለማትወልድ ነው» አለ ሌላው። እኔም ተቀየምኳት። ድግሱ እሷ በሌለችበት እሑድ እንዲሆን የተቆረጠው አርብ ማታ እንደነበር የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው። እሷ ብትኖር መቀሱን ከነሳህኑ ይዛ ትወጣ ነበር።

ከምሳ በኋላ ኡርኪዲ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠኝ። አረቄና ቃሪያ ይሸታል። የዶሮ እግር ይግጣል። አባቴ ከፊቱ ተንበርክኮ ብርጭቆውን ሞላለት።

«አበልጄ» አለው። «አበልጅ የአበልጁን ደጅ ይዘጋል እንዴ?»

ኡርኪዲ አጥንቱን አገላበጠው፤ ድልድዩ ላይ ሽቦ ሲቆጥር እንደነበረው አድርጎ አየው።

«ቀለም እኮ ነው» አለ በመጨረሻ። «በዚህ እርጥበት በሁለት ቀን አይደርቅም። ያልደረቀ ቀለም ደግሞ ይለቃል።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስለ ቀለም አንድ ቁም ነገር የተማርኩ መሰለኝ።

ሰኞ ጠዋት ኡርኪዲ ተሰናበተ። መዶሻውን ጫነ፣ ራሴን ዳበሰ፣ በቅሎውን ወደ መልካው መራ። በድልድዩ ለምን እንደማይሄድ ስጠይቀው፣ «በቅሎዬን ላጥባት ብዬ ነው» አለኝ። ለእንስሳ የሚያስብ ደግ ሰው ነው ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። ያ ሰው ለእኛ የፈቀደልንን ድልድይ ለራሱ በቅሎ አልፈቀደም፤ ይኸው ነው የኡርኪዲ ልክ።

በቅሎው ከዓይን እንደተሰወረ አባቴ ጨርቅና ላምባ ይዞ ወደ ድልድዩ ወሰደኝ።

«ከእንግዲህ ወንድ ነህ» አለኝ። «የወንድ ሥራ ልስጥህ።»

ፈተግሁ። ቀለሙ በላምባው እየቀለጠ ወደ ክንዴ ወረደ። የተበጣጠሱት ሽቦዎች ጣቴን ይወጉኛል፤ የቱ ደም እንደሆነ የቱ ቀለም እንደሆነ አይለይም። አንድ ነጥብ እንኳ እንዳትቀር በጥፍሬ ሳይቀር ቆፈርኩት። ስጨርስ አባቴ ጭቃ ለጠፈበትና ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየው። «ጎበዝ» አለኝ። አባቴ ጎበዝ ያለኝ በዕድሜዬ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በዚያ ሳምንት ወንዶቹ ሙዝ በጀርባቸው አዝለው ማዶ ሲሻገሩ ሰነበቱ። እየተመለሱ ግንቡን በእግራቸው ይረግጡታል፣ «ይኸው፣ ምን ሆነ?» ይባባላሉ። ዝናቡ ገባ። መልካው ሞላ። እኔ በየቀኑ ከግንቡ ላይ ተቀምጬ ጥጃዬን እጠብቃለሁ።

በሳምንቱ፣ አርብ ወደ ቀትር ላይ፣ በማዶ በኩል በዝናቡ ውስጥ እንስሳ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ዘልዬ ተነሳሁ። ጥጃ አልነበረም። አክስቴ ሳቱርኒና ነበረች፣ ከሁለቱ በቅሎዎቿ ጋር። ጨውና ስኳሩን በሸራ ሸፍናለች።

ጮኸች፤ የወንዙ ድምፅ ግን ዋጠው። ያን ጊዜ የትከሻ ልብሷን ጫፍ ይዛ ከፍ አደረገችው። ልብሱ ቀይ ነው። ልብሱን ነካች፣ ገመዱን ነካች፣ ከዚያ ወደ እኔ በኩል ጠቆመች። ምን እንደጠየቀችኝ በደንብ ገባኝ። ጎንበስ ብዬ ሁለቱንም ገመዶች አየሁ። ቀይ የለም። ጥሩ አድርጌ ነበር የፈተግሁት። ሁለት እጆቼን ከፍ አድርጌ አወናጨፍኩላት፦ የለም፣ ምንም የለም። ከዚያ ባርኔጣዬን አውልቄ የተቆረጠውን ፀጉሬን አሳየኋት፤ እንድትቀና ፈልጌ።

መዳፏን ገመዱ ላይ አሳረፈች። ብዙ ቆመች። ዝናቡ ሸራው ላይ ይወርዳል። ለዓመታት ያመነችው ያንን መዳፏን ነበር። ያን ቀን ግን የሚያውቅ ሰው የነገራትን አመነች። የፊተኛዋን በቅሎ ልጓም ያዘችና ገባች።

መሃል ላይ ሲደርሱ ግንቡ ከአጠገቤ አንድ ድምፅ አሰማ፤ ጥርስ ሲነቀል ጭንቅላት ውስጥ የሚሰማው ዓይነት ነው። ገመዱ ከድንጋዩ ወጥቶ ከራሴ በላይ አለፈ። ጣውላው እንደ ተገለበጠ ትሪ ዘነበለ። አክስቴ አልጮኸችም፤ ከጮኸችም አልሰማሁም። ቀይ ልብሷን ውሃው ላይ አንድ ጊዜ አየሁት።

አንደኛዋን በቅሎ በሦስተኛው ቀን አገኙ። አክስቴን ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው ያገኟት።

በልቅሶው ላይ አባቴ ተነስቶ ተናገረ። እህቱ ለግንቡ አንድ ቀን አረቄ አፍስሳ እንደማታውቅ፣ የወንድሟን ልጅ ድግስ እንደናቀች፣ ወንዙ ይህን ቆጥሮ እንደወሰዳት ተናገረ። አሥራ አንዱ አባወራ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ። ፀጉሬን ስላልጠበቀች ነው ብዬ አመንኩ። ሳዝንላት እንኳ ትንሽ ፈርጄባት ነበር።

ከቢሮው ሌላ ሰው መጣ። ድልድዩ ላይ ቀይ ምልክት ነበረ ወይ ብሎ ቤት ለቤት ጠየቀ። የለም አሉት። እኔንም ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ቀይ አለ ወይ ብለው የጠየቁኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ለሁለቱም የለም አልኩ። ለመጀመሪያዋ ስናገር እውነት ነበር።

ጥጃዋ አልመጣችም።

በሃያ ዓመቴ መንገድ ሥራ ተቀጠርኩ። አንድ ቀን ፎርማኑ ቀይ ቀለምና ብሩሽ ሰጠኝ፤ የሞተው ብረት ላይ ቀለበት አዙርበት፣ ስፋቱ አንድ መዳፍ ይሁን አለኝ። ጎንበስ ብዬ ግማሹን እንዳዞርኩ እጄ ቆመ። የላምባው ሽታ አልነበረም፤ ግን ሸተተኝ። መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ። ፀሐይ የመታኝ መስሏቸው ውሃ አፈሰሱብኝ።

አባቴን ጠይቄው አላውቅም። ሰማንያ አንድ ዓመት ኖረ። በየነሐሴው በእሷ ስም ጭምር አረቄ ያፈስ ነበር። ከሚያስፈልገው በላይ አንድ ቃል ሳልነግረው ቀበርኩት። እሱ እስከ መጨረሻው ዝምተኛ ልጅ የወለደ ይመስለው ነበር።

አሁን ያለው ድልድይ የብረት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፣ ትንሽ የጭነት መኪና ያሳልፋል። የዓምናው ጎርፍ የእግሩን መሠረት ቦርቡሮታል፤ እጄን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ አይቻለሁ። ለመንደሩ ነገርኳቸው። አረቄ ገዙ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ኢንጂነር ድልድዩን ልታይ ሐሙስ እንደምትመጣ ተሰማ። ማክሰኞ ማታ የልጅ ልጄ ማሪቤል ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ቤቴ መጣች። ልጇ ዊልመር አራት ዓመቱ ነው፤ ፀጉሩ ወገቡ ይደርሳል።

«አባባ፣ መቀሱን ሊያውሱን ነው» አለችኝ። «ኢንጂነሯ የፀጉር እናት ትሁንለት ብለናል። ዶሮዎቹም ተመርጠዋል።»

አየኋቸው። ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ ዓይኑን አልሰበረም። ስድሳ አራት ዓመት አልፎ የጨመሩት ዕውቀት ቢኖር ዶሮውን አስቀድሞ መምረጥ ነው።

«መቀሱ ከዚህ ቤት አይወጣም» አልኩ። «ልጁን ነገ ጠዋት አምጪው፤ ፀጉሩን እኔ አጥበዋለሁ።»

ለድግሱ የማዘጋጀው መስሏቸው ደስ ብሏቸው ሄዱ። ረቡዕ ጠዋት አመጣችውና ገበያ ወረደች። ዊልመርን በርሜሉ አጠገብ አስቀመጥኩት። ጥብጣብ የለም፣ ሳህን የለም፣ አጨብጫቢ የለም። በዚያው መቀስ ፀጉሩን ከሥር ከሥሩ ቆርጬ ጨረስኩት። ልጁ ጭንቅላቱን ዳበሰ።

«ስጦታዬስ?» አለኝ።

«ድልድዩ ሲጠገን ትሻገራለህ» አልኩት።

ስጦታው አልጣመውም። አልፈርድበትም፤ እኔም ልጅ ሳለሁ ጥጃ ነበር የምፈልገው።

ማሪቤል ስትመለስ ልጇን አይታ ቅርጫቷን ጣለች። «አንተ የተረገምክ ሽማግሌ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱታዬ ቀርቷል። ሐሙስ ኢንጂነሯ መጣች። የሚቆረጥ ፀጉር አልነበረም። ዶሮዎቹ ግቢ ውስጥ ይጭራሉ። የራሷን ዳቦ ግንቡ ላይ ተቀምጣ በላች፣ ሥራዋን ሠራች፣ በምሰሶው ላይ ሁለት ቀይ መስመር አሰመረች፣ ለመኪና ዝግ ነው ብላ ጽፋ ሄደች።

አሁን ሙዙ በጀርባ ነው የሚወርደው። ግማሹ ይበሰብሳል። ሳልፍ ሰላም የሚለኝ የለም፤ ልጆች ከኋላዬ ሆነው መዳፋቸውን ዛፍ ላይ እያሳረፉ ይስቁብኛል፤ ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። በየማለዳው ሰው ሳይነሳ ወደ ድልድዩ እወርዳለሁ። ዛሬም ወረድኩ። የላምባ ሽታ አለ ወይ ብዬ አፍንጫዬን አስጠጋሁ። የለም። ጣቴን ቀዩ ላይ አሳርፌ ጫን አልኩት።

ደርቋል።